ጀሪካኑን ውሰዱላት፣ መንገዱን ተዉላት፦ ከማሕፀንና ከእንቁላል ዕጢ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በፊት ሰውነትን ማዘጋጀት

በደብረ ብርሃን ለአስታማሚዎች፣ ለነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አይደለም፤ እሱን ሐኪሞቹ ያውቁበታል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አንዲት እናት «ካንሰር ነው፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሻል» ተብላ፣ ቀጠሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ ያለው ማለት ነው። ይህ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ስድስትም ሊሆን ይችላል። በእንቁላል ዕጢ ካንሰር አስቀድሞ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ለምትወስድ ሴት ደግሞ ሦስቱ ዙር በየ3 ሳምንቱ ሲቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል።

ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ እንዴት እንደሚያልፍ ታውቁታላችሁ። ወሬው እንደተሰማ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጀሪካኑ ከጀርባዋ ይወርዳል፣ ምጣዱ ከእጇ ይወሰዳል፣ «አንቺ ብቻ ተኚ፣ እግዜር ይማርሽ» ትባላለች። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ማንም አይወቅሰውም። ነገር ግን ተኝቶ የሚውል ሰው የጭኑና የባቱ ጡንቻ በጥቂት ቀናት ውስጥ መክሳት ይጀምራል፣ ትንፋሹም ያጥራል። አንድ ወር ተኝታ ለቀዶ ሕክምና የቀረበች ሴት ምርመራው በተነገራት ቀን ከነበራት አቅም ያነሰ ይዛ ነው የምትገባው። እኛ የምንለው እነዚያ ሳምንታት የሕክምናው አካል ናቸው፣ በእግር ጉዞ፣ በጉልበት ሥራ፣ በትንፋሽ ልምምድና በምግብ ሰውነትን የማዘጋጀት ሥራም አላቸው ነው።

ቀዶ ሕክምናው ከሰውነት ምን እንደሚጠይቅ በአጭሩ እንይ። ማሕፀንን፣ የእንቁላል ዕጢዎችን፣ እንደ በሽታው ደረጃም በዳሌ ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች ለማውጣት ሆድ ይከፈታል። በእንቁላል ዕጢ ካንሰር ጊዜ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ከእምብርት በላይ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሰውነት ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሴትዮዋ ተኝታም ብትሆን ልብና ሳንባዋ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው የሚሠሩት። ለቁስሉ መጠገኛ የሚሆነውን ፕሮቲን ደግሞ ሰውነቷ ከገዛ ጡንቻዋ እያፈረሰ ይወስዳል። ትርፍ አቅም ከሌላት የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ ቶሎ የማይገጥም ቁስል፣ ከአልጋ ለመነሳት ሳምንታት መፍጀት ይከተላል።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንለይ። አንደኛ፣ እንቅስቃሴ ካንሰሩን አያጠፋም። «ስፖርት ከሠራሽ ዕጢው ይሟሟል» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። በማሕፀንና በእንቁላል ዕጢ ካንሰር ላይ ብቻ የተሠሩት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ ጠንከር ያለው ማስረጃ የመጣው ከትልቁ አንጀትና ከሌሎች የሆድ ቀዶ ሕክምናዎች ነው። ሁለተኛ፣ ለእንቅስቃሴ ተብሎ ቀጠሮ አይራዘምም። አሥር ቀን ብቻ ካለ በአሥር ቀን የሚደረስበት ይሠራል።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። «ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትቀዳና ኩበት ስትጠፈጥፍ የኖረች ናት፤ ምን ስፖርት ያስፈልጋታል?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ትንፋሽ ተይዞ ነው የሚነሳው፣ ሆድንና ወገብን ይጫናል፣ እንደ አቅም አይቀነስም፣ እንደ አቅምም አይጨመርም። እኛ የምንፈልገው ልብንና ሳንባን ለተወሰነ ደቂቃ ሳያቋርጥ የሚያሠራ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚያድግ ሥራ ነው። ስለዚህ ጀሪካኑን ውሰዱላት፤ መንገዱን ግን ተዉላት።

ከመጀመር በፊት አቅሟን ለኩ። መሣሪያ አያስፈልግም። በሜዳ ላይ ወይም በኮሪደር 30 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ምልክት አድርጉ፤ በ6 ደቂቃ ውስጥ በምትችለው ፍጥነት ትመላለስ፣ አትሩጥ። ቁጥር እንዳይጠፋባችሁ እጃችሁ ላይ ጠጠር ያዙና በእያንዳንዱ 30 ሜትር አንድ ጣሉ። 12 ጠጠር ከወደቀ 360 ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። ከ400 ሜትር በታች የሆነ ውጤት በብዙ ቦታ የዝቅተኛ አቅም ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከቁጥሩ በላይ የሚጠቅመው ግን ያቺኑ ሴት ከራሷ ጋር ማወዳደር ነው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ድገሙት። ሌላው መለኪያ ከወንበር መነሳት ነው። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆማ እንደተቀመጠች ቁጠሩ። ወንበሩ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ስትቀመጥ ጉልበቷ ቀጥ ባለ ማዕዘን ይታጠፍ። በርጩማ አይሆንም፣ በጣም ዝቅ ይላል። መደብ ከፍታው ከተስማማ ይሆናል፣ ግን በተለኩበት ሁሉ ያው መደብ ይሁን።

የእግር ጉዞው በሳምንት 5 ቀን ነው። ስትጀምር 10 ደቂቃ ጠዋት፣ 10 ደቂቃ ከሰዓት ይበቃል፤ ይህም ከከበዳት 5 ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ። በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየተጨመረ በአንድ ጊዜ እስከ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ፍጥነቱን በመዝሙር ለኩት። እየሄደች ማውራት ትችላለች፣ መዝሙር ግን ሳትቆራርጥ መዘመር አትችልም፤ ልኩ ይሄ ነው። ዘና ብላ ከዘመረች ዝግ ብላለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት ደግሞ አብዝታለች። አብሯት የሚሄደው ሰው እሷ እስክትናገር ሳይጠብቅ ይህን ያዳምጥ፣ ምክንያቱም ጠንካራ ሴቶች ደከመኝ አይሉም።

ቦታው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ እነዋሪና ጫጫ ሜዳ አለ። አንኮበርና ደብረ ሲና ግን ከደጅ ሲወጣ ዳገት ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ ያለ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ፈልጋችሁ መዞር ይሻላል። ዳገት ግድ ከሆነ አጠር ያለ እርምጃ፣ በየ2 ደቂቃው ቆም። በውርጭ ወራት ማለዳ አትውጣ፤ ቀዝቃዛ ደረቅ አየር ያስላታል፣ መሬቱም ያዳልጣል፤ ፀሐይዋ እስክትጠነክር፣ እስከ 3 ሰዓት ትቆይ። ጫማው የተሸፈነና የማያንሸራትት ይሁን። በተለይ ፓክሊታክስል የሚባለውን ኬሞ የምትወስድ ከሆነ የእግሯ ጣቶች ሊደነዝዙ ይችላሉ፣ ድንጋይ መርገጧን ላታውቅ ትችላለች። እሷ ጥርጊያ መንገድ ላይ ሰው ይዟት ትሂድ።

ስለ ስግደትም እንጠየቃለን። ስግደት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ጭንን፣ ክንድንና ልብን በአንድ ላይ ያሠራል። ለምዳው የኖረች፣ ደሟ ያላነሰ፣ ሆዷ ያላበጠ ሴት በመጠኑ ብትሰግድ እንደ ጉልበት ሥራ ሊቆጠርላት ይችላል። ደም የሚፈሳት፣ ውሃ ሆዷ ውስጥ የተጠራቀመባት ወይም ስትነሳ የሚያዞራት ግን ቆማ ትጸልይ።

የጉልበት ሥራው ቀን እየዘለለ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ ተረከዝን ማንሳት፣ ሁለት እጅን ግድግዳ ላይ አድርጎ ክርንን እያጠፉ መግፋት፣ ውሃ በሞላ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ዕረፍት ተወስዶ እንደገና። 12ቱ ከቀለላት የግማሽ ሊትሩ በ1 ሊትር ይተካል፣ መነሳቱም ሦስተኛ ዙር ይጨመርበታል። ሁለት ስህተት ተደጋግሞ ይታያል። አንዱ ጉልበት ላይ በእጅ ተደግፎ መነሳት ነው፤ ያኔ የሚሠራው ክንዱ እንጂ ጭኑ አይደለም። ሌላው ሲቀመጡ ዱብ ማለት ነው። ጡንቻው የሚጠነክረው በመውረዱም ጊዜ ስለሆነ በልቧ እስከ ሦስት እየቆጠረች ቀስ ብላ ትቀመጥ። ስትነሳ ትንፋሿን ታውጣ፤ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ሆድንና የደም ግፊትን ይጫናል።

አሁን ወደ ትንፋሽ እንምጣ። ሁለት ሳምንት እንኳ ያልተሰጣት ሴት ሌላው ሁሉ ቢቀርባት ይሄ አይቅርባት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የታተመ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ 441 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት አለ። ከላይኛው የሆድ ክፍል ቀዶ ሕክምና በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለ30 ደቂቃ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ያሠለጠናቸው ሰዎች ላይ የሳንባ ጣጣው በወረቀት ብቻ ከተመከሩት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ቀንሷል። ዋጋው የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተቆረጠ ሆድ ያመዋል፣ ሰውም ሲያመው በአጭሩ ይተነፍሳል፣ ሳል ይውጣል። የሳንባው ታችኛ ክፍል አየር ሳያገኝ ይከደናል፣ አክታ ይጠራቀማል፣ ምች ይገባል። ህመም ላይ ሆና አዲስ ነገር መማር አትችልም፤ ስለዚህ ከቁስሉ በፊት ትማረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አንድ እጇን ከጎድን አጥንቷ በታች ታድርግ። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ሳንባዋ እስኪሞላ ትሳብ፤ እጇ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። ትከሻዋ ብቻ ከተነሳ አየሩ ላይ ላዩን ቀርቷል ማለት ነው። 3 ሰከንድ ትያዝ፣ በአፏ ቀስ ብላ ታውጣ። አሥር ጊዜ፣ ትንሽ አረፍ፣ እንደገና አሥር ጊዜ፣ ከዚያ ሦስት ጠንካራ ሳል። ስታስል የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ሆዷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ትጫን፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉን የሚደግፈው ይሄ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቀን ሦስት ጊዜ ትለማመደው። ከነቃች በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት እንቅልፍ ካልወሰዳት በስተቀር በየሰዓቱ ትሠራዋለች፤ እሷ ብትረሳ አስታማሚዋ ታስታውሳት። ካዞራት ፍጥነቱ በዝቷል፣ ቆም ትበል።

እግረ መንገዳችንን ጭስን እናንሳ። በእኛ አገር ሲጋራ የምታጨስ እናት ጥቂት ናት፣ በኩበት ጭስ የታፈነ ማድ ቤት ውስጥ ግን ብዙዋ ውላለች። ሲጋራ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም፤ እንጀራውንም እስከ ቀዶ ሕክምናው ሌላ ሰው ይጋግርላት። አረቄና ጠላም ከ4 ሳምንት በፊት ይቁሙ። አረቄ በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ከሆነ ግን በድንገት ማቋረጥ አደጋ ስላለው ለሐኪሟ ትንገር።

ደም ማነስ የዝግጅቱ ትልቁ እንቅፋት ነው፣ በተለይ ለወራት ሲደማ በቆየ የማሕፀን በር ካንሰር። ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ዝቅ ያለ ሴት ብትሄድም ጡንቻዋ ኦክስጅን አያገኝም፤ ሰነፍ ሆና አይደለም። ደሟ የሚመረመረው ቀጠሮ በተያዘበት ሳምንት ይሁን እንጂ በዋዜማው አይሁን። የብረት እንክብል ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ጊዜው ካጠረ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት ወይም ደም መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፣ ቀድሞ ካወቀ ብቻ። እንክብሉን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰደው፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። በእኛ ቤት ቡናው ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ ይህ ቀላል ምክር አይደለም፤ ከመኝታ በፊት መዋጡ ብዙዎችን ይገላግላል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ።

ለጤና ባለሙያዎቹ አንድ ነገር እንጨምር። ለሴት የተለመደው የሄሞግሎቢን መነሻ በዴሲሊትር 12 ግራም ነው፤ እሱ ግን ለባሕር ጠለል የተሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2024 ድረስ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው ማስተካከያ 2,500 ሜትር ላይ ከተነበበው ቁጥር 1.3 ገደማ ይቀነስ ነበር፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ስሌት 12.5 ያነበበች ሴት ደሟ አንሷል ማለት ነው። በሌላ በኩል በአገራችን ደጋ አማሮች ላይ የተሠራ የታወቀ ምርምር ሄሞግሎቢናቸው እንደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍ እንደማይል አሳይቷል። ስለዚህ ድንበር ላይ ያለ ቁጥር ስታዩ በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ፤ የብረት ክምችቷን፣ ምን ያህል እንደምትደማና ስትሄድ ትንፋሿ እንዴት እንደሚሆን አብራችሁ እዩ።

ያለ ምግብ እንቅስቃሴ ጡንቻ አይሠራም፣ ያለውን ይበላል። ለቀዶ ሕክምና የምትዘጋጅ ሴት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ 50 ኪሎ ከሆነች ከ60 እስከ 75 ግራም። አንድ እንቁላል 6፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር 24፣ አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ገደማ ይሰጣል። የሚወደደው በሶ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ፕሮቲኑ ግን ትንሽ ነው፤ በወተት ይበጥበጥላት። ከእንቅስቃሴ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንቁላል ወይም ወፈር ያለ ሽሮ ብትበላ ይመረጣል።

ጾምስ? ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ለውዙና ሁለት የጤፍ እንጀራ ተደምሮ 60 ግራሙን ይሞላል። ችግሩ ከምግቡ ይልቅ ከሰዓቱ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት የቆየች፣ የምግብ ፍላጎቷ የጠፋ ሴት ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ አትጨርሰውም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ከባድ አይደለችም፤ የንስሐ አባቷ ዘንድ ቀድማ ትሂድ፣ እናንተም ሐኪሙ ያለውን አስረዱላቸው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ያሉ ሙስሊም እናቶችም በረመዳን እንዲሁ ለታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ ይጠቀሙ። ጠበል ለመሄድ የተነሳች እሰየው፣ መንገዱ እንቅስቃሴ ነው። ብዙ ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ ግን ከሰውነቷ ውሃና ጨው ስለሚያሟጥጥ በመጠን ይሁን። በማሕፀን ግድግዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ክብደት፣ ስኳርና ደም ግፊት አብረው ይመጣሉ፤ እነዚህ ሳምንታት ግን የመክሻ ጊዜ አይደሉም፣ ራሷን እንዳታስርብ።

እንቅስቃሴው የሚቆመው መቼ ነው? የሚፈስ ደም ከወትሮው ሲበዛ፣ ትኩሳቷ 38 ሲያልፍ፣ ደረቷን ሲያማት፣ ተቀምጣ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ራሷን ስትስት፣ አንድ እግሯ ብቻ ሲያብጥ ወይም ሲያማት። የመጨረሻው የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማሸት ክልክል ነው፤ በቅቤ የታሸ እግር ውስጥ ያለ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ። ሆዷ በውሃ ያበጠባት ሴት በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ነገር ይቅርባት፤ ቀና ብላ ተቀምጣ ትንፋሹን፣ በአጭር በአጭሩ ደግሞ ጉዞዋን ትቀጥል።

ከቆላ የምትመጣ ሴት፣ ለምሳሌ ከሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር አድርጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለች። ቀጭኑ አየር ትንፋሿን ያፈጥነዋል፤ ከተቻለ ከቀጠሮው ጥቂት ቀን ቀድማ ዘመድ ቤት ትረፍ። ዋዜማ ላይ ደግሞ «ከማታ ጀምሮ ውሃም አትቅመሺ» የሚለው ልማድ አለ። ሌላ ችግር ለሌለባት ሴት አሁን ያለው መመሪያ ቀለል ያለ ምግብ እስከ 6 ሰዓት፣ ንጹሕ ፈሳሽ እስከ 2 ሰዓት ሲቀረው ድረስ ይፈቅዳል። ሰመመኑ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ ምግብ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ውሃና ቀጭን ሻይ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። ወተትና በሶ ንጹሕ ፈሳሽ አይባሉም። ሆዷ ያበጠባት ወይም የሚያስመልሳት ሴት የተለየ ትእዛዝ ሊሰጣት ይችላል፤ የሚሠራው ሰመመን የሚሰጣት ባለሙያ የሚላት ነው፣ እናንተ ግን ጠይቁ።

ከነቃች በኋላ የተማረችው ይሠራል። ከአልጋ ስትነሳ ቀጥ ብላ አትነሳ፤ ጉልበቷን አጥፋ በጎኗ ትዙር፣ እግሯን ከአልጋው ታውርድ፣ በክርኗ እየገፋች ትቀመጥ። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ላይ፣ ከቻለችም በሰው ተደግፋ ጥቂት እርምጃ። የሽንት ቱቦው ከረጢት ከፊኛዋ በታች ሆኖ ይያዝ። «ስፌቱ ይፈታል» ብሎ የሚከለክላት ዘመድ ቢመጣ ስፌቱ ለመራመድ እንደሚበቃ ንገሩት። ቡና ሲፈቀድላት ስጧት፤ ከእንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና መጠጣት አንጀትን ቀደም ብሎ እንደሚያንቀሳቅስ በጥናት ታይቷል።

ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐ ቤቴ የምትመለስ ከሆነ መኪናው ውስጥ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ላይና ወደ ታች ታንቀሳቅስ፣ ሾፌሩን ለምናችሁ በየሰዓቱ አውርዳችሁ አራምዷት። ደም እንዳይረጋ የሚወጋ መድኃኒት ከታዘዘላት፣ ብዙ ጊዜ እስከ 28 ቀን ስለሆነ፣ በአቅራቢያዋ ማን እንደሚወጋት ከመውጣቷ በፊት ይታወቅ። ለስድስት ሳምንት ከ4 ወይም 5 ኪሎ በላይ አታንሳ፤ ጀሪካን፣ የእህል ቁና፣ አዝላ የለመደችው ሕፃን ሁሉ ከዚህ በላይ ነው። የእግር ጉዞው ግን ቤት በገባች ማግስት፣ ከ5 ደቂቃ ጀምሮ ይቀጥላል።